«ሌላ ሰው መስለህ ግባ» ሲሉት

ወጣቱ ሃያ ዓመቱ ነው። ዲግሪውን ከያዘ ገና ዓመት መሙላቱ ነው። ግሪክኛና ላቲን ተምሯል፣ ከአባቱ የወረሰው ገንዘብ አለው፣ መድረክ ላይ ሲወጣ ሰው ጆሮውን ይሰጠዋል። የቀረው ሕግ ተምሮ ጠበቃ መሆን ነው። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ቦልስተን ስፓ በምትባል ከተማ ወደነበረ የሕግ ትምህርት ቤት አመለከተ። ጥቁር አንቀበልም አሉት። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩት ነበር። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ግን፣ ደግ የሠራ መስሎት ይሆናል፣ አንድ መላ አቀረበለት። መልክህ ቀላ ያለ ነው፤ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጣሁ ፈረንሳዊ ወይም ስፔናዊ ነኝ ብትል እናስገባሃለን የሚል።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ምን ትሉ ነበር? እኔ እውነቱን ልናገር፤ እቀበል ነበር ብዬ እፈራለሁ። «ምን ችግር አለው፣ ዋናው ትምህርቱ ነው» ብዬ ራሴን አሳምን ነበር። ወረቀቱን ከያዝኩ በኋላ እውነቱን እናገራለሁ እያልኩ ራሴን እሸነግለው ነበር።

ወጣቱ እምቢ አለ። በሐሰት አገርና በሐሰት ዘር የሚገባበት በር ይቅርብኝ ብሎ ሻንጣውን አነሳ።

ስሙ ጆን መርሰር ላንግስተን ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1829 በቨርጂኒያ ግዛት ሉዊዛ በተባለ አውራጃ ተወለደ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ራልፍ ኳርልስ ነጭ የእርሻ ባለቤት ነበር። እናቱ ሉሲ ላንግስተን የአፍሪካና የቀይ ሕንዶች ደም ያላት፣ በአንድ ወቅት የዚሁ ሰው ባሪያ የነበረች፣ እሱም በ1806 ነጻ ያወጣት ሴት ናት። ሕጉ ሁለቱ እንዲጋቡ አይፈቅድም ነበር። በ1834 አባትም እናትም በአንድ ዓመት ውስጥ ሞቱና ሕፃኑ በአራት ዓመቱ ወላጅ አልባ ቀረ።

አነቃቂ ጽሑፍ የምንጽፍ ሰዎች አንድ መጥፎ ልማድ አለን። ጀግናችን በባዶ እግሩ ካልተነሳ ታሪኩ የሚያነቃቃ አይመስለንም። ላንግስተን ግን ባዶ እግሩን አልነበረም። አባቱ በኑዛዜው ለልጆቹ ንብረት ትቶላቸዋል፣ ታላላቅ ወንድሞቹም ቀድመውት ኮሌጅ ገብተዋል። ይህን ደብቄ የድሃ አደግ ታሪክ ላደርገው አልፈልግም። ይልቅ የሚገርመው ገንዘቡ እያለ፣ ዲግሪው እያለ፣ አንደበቱ እያለ በሩ መዘጋቱ ነው። የጎደለው ነገር ቢኖር ኖሮ ያንን ማሟላት ይችል ነበር። የጎደለው ነገር ባይኖርስ ሰው ምን ያደርጋል?

ወላጆቹ ከሞቱ በኋላ ወደ ኦሃዮ ግዛት ተወስዶ በአባቱ ወዳጅ በዊሊያም ጉች ቤት አደገ። ቤተሰቡ እንደ ልጅ አድርጎ ይወደው ነበር። በ1839 ገደማ ጉች ወደ ሚዙሪ ለመሄድ ወሰነ፤ ሚዙሪ ደግሞ ባርነት የተፈቀደባት ግዛት ናት። የእናቱ ልጅ የሆነ ታላቅ ወንድሙ ጉዳዩን ፍርድ ቤት አቀረበ፤ ልጁ እዚያ ከሄደ ነጻነቱም ውርሱም አደጋ ላይ ነው ብሎ። ፍርድ ቤቱም ኦሃዮ ይቅር ብሎ ወሰነ። አስቡት፤ አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ከሚወዳቸው ሰዎች ተነጥሎ፣ ጠበቆች ስለ እሱ ሲከራከሩ ቆሞ ይሰማል። አንድ ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ ተነግሮ ሰው ነጻ ሆኖ እንዲኖር ሊያደርግ እንደሚችል ያኔ አየ። ያሳደጉትን ሰዎች ግን በዚያው ቃል አጣ።

ከዚያ ሲንሲናቲ ሄደ፤ በ1841 ነጮች በጥቁሮች ሰፈር ላይ ያስነሱትን ሁከት በዓይኑ አየ። ከዚያ ኦበርሊን ኮሌጅ ገባ፤ በዚያን ዘመን ጥቁሮችንም ሴቶችንም ከሚቀበሉ እጅግ ጥቂት ተቋማት አንዱ ነበር። በ1849 ተመረቀ።

ወደ ሕጉ እንመለስ። ከቦልስተን ስፓ በኋላ የሲንሲናቲውን የሕግ ትምህርት ቤት ጠየቀ። እሱም እምቢ አለ። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ይላል የአገሬ ሰው፤ ድግሱ ግን ብዙ ጊዜ ባላሰብነው ቤት ነው የሚደገሰው። ላንግስተን ወደ ኦበርሊን ተመልሶ ነገረ መለኮት ተማረ። ሰባኪ ለመሆን አልነበረም። አእምሮውን ለክርክር ሊስልበት ነው። በ1852 ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ። ቀጥሎ በኢሊሪያ ከተማ ፊሊሞን ብሊስ የሚባል፣ ባርነትን የሚቃወም ጠበቃ ቢሮውን ከፈተለት። በዚያን ጊዜ አብዛኛው አሜሪካዊ ጠበቃ ሙያውን የሚማረው እንዲህ ነበር፤ ነባር ጠበቃ ዘንድ ተጠግቶ፣ የሕግ መጻሕፍቱን እያነበበ፣ ሰነድ እየገለበጠ፣ ችሎት አብሮ እየገባ። እኛ ዘንድ የቅኔ ተማሪ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ እንደሚቀጽለው ማለት ነው። አብርሃም ሊንከንም የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ላንግስተን ዋናው በር ሲዘጋበት ሌላ የታወቀ መግቢያ እንዳለ አስታወሰ፤ በዚያ በኩል በራሱ ስም ገባ።

በመስከረም 1854 ለጥብቅና ፈቃድ ተፈተነ። ፈታኞቹ ዕውቀቱ ይበቃል አሉ፤ ነገር ግን ጥቁር ነው ሲሉ ለዳኞቹ አሳወቁ። የዳኞቹ መልስ እስከ ዛሬ ሲያነቡት ያስቃልም ያሳዝናልም። የኦሃዮ ፍርድ ቤቶች ከግማሽ በላይ የነጭ ደም ያለው ሰው የነጭ መብት አለው ይሉ ነበር፤ ችሎቱም በዚህ ስሌት ላንግስተን ይገባዋል ብሎ አስማለው። ማለትም ፈቃዱን የሰጡት ልክደው አልፈልግም ያለውን ማንነቱን በሚዛን አስቀምጠው ነው። እሱ ግን ነጭ ነኝ ብሎ አንድም ቀን አልኖረም። ከማለ በኋላ ያለውን ዕድሜውን በሙሉ የጥቁሮች ጠበቃ ሆነ።

ብራውንሄልም በምትባል የገጠር መንደር እርሻ ገዝቶ መኖር ጀመረ። በአካባቢው ከእሱ ቤተሰብ በቀር ጥቁር የለም። ደንበኞቹ ነጮች ነበሩ፤ ምክንያቱም ሰው ክስ ሲመጣበት የሚፈልገው የሚያሸንፍለትን ጠበቃ ነው። በሚያዝያ 1855 እነዚሁ ነጭ ጎረቤቶቹ የአካባቢው አስተዳደር ጸሐፊ አድርገው መረጡት። በአሜሪካ ታሪክ በሕዝብ ድምፅ ሹመት ካገኙ የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች አንዱ ሆነ። የመንደር ጸሐፊ! መዝገብ መያዝ፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ። ብዙዎቻችን «ይህ ለኔ አይመጥንም» ብለን የምንገፋው ዓይነት ሥራ ነው።

አንድ ክርክሩን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላውራችሁ። በጥር 1862 ኦበርሊን ውስጥ ኤድሞኒያ ሉዊስ የምትባል ወጣት ተማሪ፣ እናቷ ከቀይ ሕንዶች ወገን፣ አባቷ ጥቁር፣ ለሁለት ነጭ ጓደኞቿ ቅመም የገባበት ትኩስ ወይን አቀረበች። ጓደኞቿ ታመሙ። መርዝ አጠጣችን አሉ። ከተማው ታመሰ። ክሱ ሳይሰማ ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ኤድሞኒያን አፍነው ወስደው ደብድበው በብርድ ሜዳ ላይ ጣሏት። ችሎት ስትቀርብ ከዚያ ድብደባ ገና አላገገመችም ነበር።

አሁን ላንግስተን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ስለ ዘር ጥላቻ ተናግሮ ሰውን ሊያስለቅስ ይችላል። የጥቁሮች ጠላት ያልሆነ ሰው ሁሉ የሚጠብቀውም ያንን ነው። እሱ ግን ንግግሩን ወደ ኋላ አቆይቶ መጀመሪያ አንድ ደረቅ ጥያቄ ይዞ ተነሳ። ልጆቹ መርዝ ጠጥተዋል ተብሏል፤ ከሆዳቸው የወጣውን ማን መረመረው? ማንም አልመረመረውም። ምርመራ ከሌለ መርዝ ለመኖሩ ማስረጃ የለም፤ መርዝ ለመኖሩ ማስረጃ ከሌለ ደግሞ ወንጀል ለመፈጸሙም ማስረጃ የለም። ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ። ኤድሞኒያን ወዳጆቿ በትከሻቸው ተሸክመው ከፍርድ ቤት አወጧት።

ይህን ታሪክ ባስታወስኩት ቁጥር የማስበው ስለ ንግግሩ አይደለም። ላንግስተን ሐኪሞቹ ዘንድ ሄዶ ምን እንዳደረጉና ምን እንዳላደረጉ ስላጣራባቸው ቀናት ነው የማስበው። ማንም አላጨበጨበለትም። ኤድሞኒያ ሉዊስ ከዚያ በኋላ ሮም ሄዳ ስመ ጥር ቀራፂ ሆነች፤ የክሊዮፓትራን ሞት የሚያሳየው የእብነ በረድ ሥራዋ በ1876 በፊላደልፊያ ታላቅ ኤግዚቢሽን ቀርቧል፣ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይታያል።

የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲመጣ ለጥቁር ክፍለ ጦሮች ወታደር መለመለ። ጦርነቱ አልቆ ባርነት ሲወገድ ዋሽንግተን አዲስ የተቋቋመው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ክፍል እንዲከፍትለት ጠራው። ሁለት የሕግ ትምህርት ቤቶች የመለሱት ሰው የሕግ ትምህርት ቤት ዲን ሆነ! በጥር 1869 ትምህርቱ ሲጀመር ተማሪዎቹ 6 ነበሩ። ቀን መንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሚሠሩ ማታ ማታ ነበር የሚማሩት። አዎ፣ የማታ ተማሪዎች፤ ቀን ሠርታችሁ ማታ ደብተር ይዛችሁ ለምትሮጡ ሁሉ ይህን አስምሩልኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1872፣ ሻርሎት ሬይ የምትባል ሴት ከዚያው ተመርቃ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ጠበቃ ሆነች። ላንግስተን የዩኒቨርሲቲው ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት እስከ መሆንም ደርሶ ነበር። ዋናውን ቦታ ሲነፍጉት በ1875 ሥራውን ለቀቀ።

ከ1877 እስከ 1885 በሃይቲ የአሜሪካ ሚኒስትር፣ በዛሬ አጠራር አምባሳደር፣ ሆኖ አገለገለ። ስለ ሃይቲ ብዙ አልልም፤ አንዲት ነገር ግን ትቼ ማለፍ አልችልም። ደመወዙ በሕግ የተቆረጠው በዓመት 7,500 ዶላር ሲሆን ኮንግረሱ በጀት ሲመድብ 5,000 ብቻ ሰጠው። ሌላው ሰው አጉረምርሞ ይተወዋል። ላንግስተን መንግሥትን ከሰሰ። ክርክሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1886 ረታ፤ 7,666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ተፈረደለት። ሳንቲሟን ጭምር።

ወደ ትውልድ ግዛቱ ቨርጂኒያ ተመልሶ በፒተርስበርግ የጥቁሮች ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሳለ ፖለቲካው ከዚያም አስወጣው። ሽማግሌ ሆኗል፣ ሀብትም ስምም አለው፤ ቤቱ ቢቀመጥ ማን ይወቅሰዋል? በ1888 ለኮንግረስ እወዳደራለሁ አለ። የራሱ ፓርቲ የሪፐብሊካኑ አለቃ ዊሊያም ማሆን ጥቁር ዕጩ አልፈለገም፤ ሌላ ሰው አቆመበት። ከሁሉ የሚያመው ደግሞ የዘመኑ ታላቅ የጥቁሮች ድምፅ ፍሬድሪክ ዳግላስ እሱን በመቃወም ደብዳቤ መጻፉ ነው። አርባ ዓመት በአንድ ዓላማ አብረው የታገሉ ሰዎች ናቸው።

ምርጫው ተካሄደ። ነጮችና ጥቁሮች በየሰልፋቸው ቆሙ፤ የጥቁሮቹ ሰልፍ አልንቀሳቀስ አለ። ድምፅ ተቆጥሮ ሲያልቅ ዲሞክራቱ ኤድዋርድ ቬናብል በ641 ድምፅ አሸንፏል ተባለ። ላንግስተን ድምፄ ተሰርቋል ብሎ ለተወካዮች ምክር ቤት አቤት አለ። ይህ ዓይነት አቤቱታ እንዲሁ በጩኸት አይሆንም። ምስክር አንድ በአንድ ቃሉን መስጠት አለበት፣ ቃሉ ተጽፎ መቅረብ አለበት፣ የምርጫ ኮሚቴው መርምሮ ሐሳብ ማቅረብ አለበት፣ ከዚያ ምክር ቤቱ ድምፅ መስጠት አለበት። ወራት አለፉ። ዓመት አለፈ። ወንበሩ ላይ ቬናብል ተቀምጧል።

«ቀን እስኪያልፍ ያባትህ ባሪያ ይግዛህ» የሚል ምክር በተረቶቻችን ውስጥ አለ። ለላንግስተን ይህን ተረት አልጠቅስለትም፤ የእናቱን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይጎመዝዛል። ደግሞም እሱ ቀኑ እስኪያልፍ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ሰው አይደለም። ቀኑ እንዲያልፍ ወረቀት ያዘጋጅ ነበር።

መስከረም 23 ቀን 1890 ጉዳዩ ለድምፅ ቀረበ። ዲሞክራቶቹ ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሟላ ከአዳራሹ ወጡ። በ151 ድጋፍና በ1 ተቃውሞ ወንበሩ የላንግስተን ነው ተባለ። ዕድሜው 60። ቨርጂኒያ ወደ ኮንግረስ የላከችው የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። የምክር ቤቱ ዘመን የሚያበቃው መጋቢት 3 ቀን 1891 ነው፤ ስለዚህ የሁለት ዓመቱ ወንበር ሲደርሰው የቀረው አምስት ወር ከጥቂት ቀናት ነበር። ከዚያም ላይ ወዲያው ለቀጣዩ ምርጫ ቅስቀሳ መሮጥ ነበረበት። በኅዳር ተሸነፈ።

እዚህ ጋ ስደርስ አንዳንድ ወዳጆቼ «ታዲያ ምን አተረፈ?» ይሉኛል። አምስት ወር! ጥያቄው ያናድደኛል፤ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። በተረፉት ወራት ዝም ብሎ ወንበር አላሞቀም፤ ተናገረ፣ ረቂቅ ሕግ አቀረበ፣ አብዛኛው አልጸደቀለትም። ከእሱ በኋላ ቨርጂኒያ ሌላ ጥቁር ተወካይ ወደ ኮንግረስ ያስገባችው በ1993 ነው፤ ሮበርት ስኮት። መቶ ሁለት ዓመት። ድል ነበር ብዬ ልሸነግላችሁ አልችልም። ላንግስተን የሚገባውን ጠየቀ፣ አገኘ፣ ያገኘው ግን ተሸራርፎ ነው። ሕይወት ለብዙዎቻችን የሚሰጠን እንዲህ ተሸራርፎ ነው፤ ቢሆንም መዝገቡ ላይ ስሙ ሰፍሯል።

እንከን የለሽ ሰው እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ኩሩ ነበር፤ አንዳንዶች ትዕቢተኛ ነው ይሉታል። በ1894 የሕይወት ታሪኩን አሳትሞ ስለ ራሱ እንደ ሌላ ሰው እየተረከ ይጽፋል፤ «እኔ» ማለት ያነሰው ይመስላል። ሳነበው ፈገግ እላለሁ። ነገር ግን ሌላ ሰው ሁን ያሉትን ወጣት አስታውሼ ይቅር እለዋለሁ፤ ስሙን በዋጋ ያስጠበቀ ሰው ስሙን ቢወድ ምን ይገርማል?

ላንግስተን በኅዳር 1897 ዋሽንግተን ውስጥ አረፈ። የሃርለሙ ታላቅ ገጣሚ ላንግስተን ሂዩዝ የወንድሙ የቻርልስ የልጅ ልጅ ነው። ዋሽንግተን ለምትኖሩ ወገኖቼ ሃዋርድ ሩቅ አይደለም፤ በጆርጂያ አቬኑ ስታልፉ በየቀኑ ታዩታላችሁ። በፋሺስት ወረራ ዘመን ለኢትዮጵያ ድጋፍ ያሰባሰበው ዶክተር መላኩ በያንም ሕክምና የተማረው እዚያው ነው።

አንድ ሰው ልጨምርና ላብቃ። በ1930 ከባልቲሞር የመጣ ወጣት ሕግ መማር ፈለገ። የትውልድ ግዛቱ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጥቁር አይቀበልም፤ ስለዚህ ሃዋርድ ገባ። ስሙ ተርጉድ ማርሻል ነው። በግንቦት 1954፣ ላንግስተን የጥብቅና ፈቃድ ካገኘ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ጠበቃ ማርሻል የተሟገተበት የብራውን ክስ ተፈርዶ በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ልጆችን በዘር መለየት ሕገ ወጥ ሆነ። በ1967 ደግሞ ራሱ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆነ።

በስድስት የማታ ተማሪዎች የተከፈተው የሕግ ትምህርት ቤት ዛሬም ማመልከቻ ይቀበላል።